ትንንሽ ልጆች "ከፋኝ" ማለትን እንዲለምዱ፦ ወላጆች በር ላይ የሚጠይቁኝ

ጎንደር ውስጥ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ያሉ ልጆች የሚውሉበት ማቆያ ውስጥ እሠራለሁ። ጠዋት ልጅ ሲያስረክቡኝ ሁሉም ይቸኩላል፤ ማታ ሲወስዱ ግን በር ላይ ቆም ብለን እናወራለን። "ለምን ይነክሳል?"፣ "ዝም ብላ የምታለቅሰው ምን ሆና ነው?"፣ "ምን ሆንክ ስለው ለምን አይነግረኝም?" የሚሉት ጥያቄዎች በየሳምንቱ ይመጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ አንድ ቦታ ይገናኛል፤ ልጁ የሆነውን የሚጠራበት ቃል ገና የለውም። በር ላይ አሳጥሬ የምመልሰውን እዚህ ሰፋ አድርጌ ጽፌዋለሁ።

ልጄ ገና 14 ወሩ ነው፣ አፉን አልፈታም። ስለ ስሜት ማውራት አልቸኮልኩም?

አልቸኮላችሁም። ልጅ ቃል ከማውጣቱ ከወራት በፊት ቃል ይገባዋል። "ጡጡህ የት አለ?" ስትሉት ዞር ዞር ብሎ የሚፈልግ ልጅ "ጡጡ" ማለት ባይችልም ቃሉን ይዞታል። አብዛኞቹ ልጆች የመጀመሪያ ቃላቸውን የሚያወጡት አንድ ዓመት አካባቢ ነው። ሁለት ዓመት ሲሞላቸው 50 ያህል ቃል ይኖራቸዋል፤ "እማ ነይ"፣ "ውኃ ስጪኝ" እያሉ ሁለት ቃል ማጋጠምም ይጀምራሉ። የስሜት ቃላት ግን ዘግየት ይላሉ፤ በብዛት የሚመጡት በሁለትና በሦስት ዓመት መካከል ነው።

የሚዘገዩት ስለማይታዩ ነው። ኳስ በጣት ይጠቆማል፤ ፍርሃት አይጠቆምም። ልጁ "ፈራሁ" የሚለውን ቃል ከራሱ ፍርሃት ጋር የሚያገናኘው፣ ልቡ ድም ድም በሚልበት ሰዓት አጠገቡ ያለ ሰው ቃሉን ሲለው ነው፤ ያውም አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ። ስለዚህ በ14 ወሩ፣ ውሻ ሲጮህ እግራችሁ ላይ ሲጠመጠም፣ "ፈራህ። ውሻው ጮኸ፣ ፈራህ" በሉት። አሁን መልስ አይሰጣችሁም፤ እናንተ ግን ጀምራችኋል።

በየትኞቹ ቃላት ልጀምር?

ልጃችሁ አንዱን ሳያውቀው አይቀርም፦ ራበኝ።

እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ ያግዘናል። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ አመመኝ፣ ደከመኝ ስንል ቃሎቹ ሁሉ በ"ኝ" ያልቃሉ፤ ነገሩ እኔ ላይ እንደመጣ አድርገን ነው የምንናገረው። ከፋኝ፣ ደስ አለኝ፣ ናፈቀኝ፣ ሰለቸኝም እንዲሁ ናቸው። "ራበኝ" ማለት ለለመደ ልጅ "ከፋኝ" ሩቅ አገር አይደለም። ሆዱ ባዶ ሲሆን የሚጠራበት ስም እንዳለ ካወቀ፣ ጉሮሮው ሲተናነቅም ስም ይኖረው ይሆናል ብሎ ለመጠበቅ ተዘጋጅቷል።

ስለዚህ እኔ ከሰውነት እጀምራለሁ፦ ራበኝ፣ በረደኝ፣ አመመኝ፣ እንቅልፌ መጣ። ቀጥሎ ደስ አለኝና ከፋኝ። ከዚያ ፈራሁ፣ ተናደድኩ። "ናፈቀኝ" ሰው ከሚያስበው ቀድሞ ይፈለጋል፤ ማቆያ ለሚውል ልጅ በተለይ። ጠዋት በሩ ላይ የሚያለቅስን ልጅ "እማ ትናፍቅሃለች፤ ማታ ትመጣለች" እንለዋለን፤ ከሳምንታት በኋላ ራሱ መጥቶ "እማ ናፈቀችኝ" ይላል። አለቀሰም አላለቀሰም፣ ያን ቀን እቅፍ አድርጌው እቆያለሁ።

አፈርኩና ቀናሁ ይቆዩ። አንድ ቤት ግን ቅናት ቀድሞ ይገባል፤ አራስ ያለበት ቤት። አራስ ጥየቃ የመጣ ሰው ሁሉ ትልቁን ልጅ አልፎ ወደ ጨቅላው ሲያጎነብስ፣ ያ የሁለት ዓመት ተኩል "ትልቅ" ልጅ የገንፎውን ሳህን ቢደፋው አይፈረድበትም። "እማ ሕፃኑን ስትይዝ ከፋህ" በሉት። "ቀናህ" የሚለው እንደ ስድብ ይሰማል፤ "ከፋህ" ይበቃል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሆድና አንጀት የሚገቡባቸው አነጋገሮቻችን ለትልቅ ሰው ያምራሉ፣ ትንሽ ልጅ ግን እንዳለ ነው የሚወስዳቸው። አያቱ "አንጀቴን በላኸው!" ስትለው አፉን በእጁ የከደነ ልጅ አውቃለሁ።

ልጄ ሲርበው "ራበህ" ይላል፣ ሲከፋው "ከፋህ"። ችግር አለበት?

የለበትም። የሰማውን ነው የሚመልሰው። እናንተ "ራበህ?" ስትሉት ቆይታችኋል፤ ከዚያ ምግብ መጥቷል። ለእሱ ምግብ የሚያመጣው ቃል "ራበህ" ነው። እኅቱ ጋር ያደገ ወንድ ልጅ "ከፋሽ" ሊልም ይችላል። "እኔ" እና "አንተ" እንደ ተናጋሪው የሚገላበጡ ቃላት ስለሆኑ ለመጨበጥ ጊዜ ይወስዳሉ፤ ሦስት ዓመት አካባቢ አብዛኛው ይስተካከላል።

"አይደለም! ራበኝ ነው የሚባለው!" ብሎ ማረም አይጠቅምም። "ራበህ" ሲላችሁ በእሱ ቦታ ሆናችሁ ዓረፍተ ነገሩን በሉለት፦ "እማ፣ ራበኝ።" ከዚያ ዳቦውን ስጡት። "በል" ማለትንም አንዴ መሞከር ይቻላል፤ ካልደገመው ግን ይለፍ። ዳቦን መያዣ አድርጎ ቃል ማስወጣት ልጁን ዝም ያሰኘዋል።

ሲወድቅ "እኔን!" እንላለን፤ መሬቱንም እንመታለታለን። ይህ ጥሩ ነው?

"እኔን!" እወደዋለሁ። ልጅ ሲወድቅ "በአንተ ፈንታ እኔን ያድርገው" ብሎ የሚጮህ ሰው ያለው ልጅ ብቻውን አልወደቀም። ችግሩ እዚያ ላይ ማቆማችን ነው። "እኔን!" የእናትን ስሜት ይናገራል፤ የልጁ ሳይነገር ይቀራል። ስለዚህ ጨምሩበት፦ "እኔን! ወደቅህ። ጉልበትህን አመመህ። ደነገጥክም።" ለደነገጠ እንጂ ላልተመታ ልጅ ይህ ትልቅ ልዩነት አለው፤ ብዙ ጊዜ የሚያለቅሰው ከሕመሙ ይልቅ ከድንጋጤው ነውና።

መሬቱን መምታት ግን ይቅርብን። "ምን አባቱ! ይኼ መሬት!" እያልን ወለሉን በጥፊ ስንለው ልጁ ይስቃል፣ ለቅሶው ይቆማል፤ እውነት ነው። ሲያመኝ የሚመታ ነገር እፈልጋለሁ የሚለውንም አብሮ ይማራል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጓደኛውን ሲመታ "ከየት አመጣው?" እንላለን።

ይመታል፣ ይነክሳል። "ተናደድኩ በል" ብለው የሚተው አልሆነም።

ከልጁ ቦታ ሆናችሁ እዩት። ጓደኛው መኪናውን ነጥቆታል። "ተናደድኩ" ቢል መኪናው ይመለስለታል? አይመለስም። ቢነክስ ግን ይመለሳል። ስለዚህ የስሜቱን ስም እናንተ በሉለት፤ ለእሱ አፍ የሚሠራ ቃል ስጡት፦ "የኔ ነው"፣ "መልስልኝ"፣ "ተወኝ"፣ "እምቢ"። እኛ ጋ እንዲህ ነው የምናደርገው፦ መጀመሪያ የተነከሰውን ልጅ እናያለን። ከዚያ የነከሰውን እጁን ይዘን፣ ዝቅ ብለን፣ "መንከስ የለም፤ ያማል። መኪናውን ወሰደብህ፣ ተናደድክ። 'መልስልኝ' በለው።" አብረነው ወደ ጓደኛው እንሄዳለን። ዋናው ነገር ይህ ነው፤ "መልስልኝ" ሲል አዋቂው ቆሞ ቃሉ እንዲሠራ ካላደረገ ልጁ ወደ ጥርሱ ይመለሳል። ደግሞም ልክ ነው።

ገበያ መሃል መሬት ላይ ተንከባሎ ሲጮህስ? ያን ጊዜ ምን ልበለው?

በጣም ጥቂት። የራሴን ልንገራችሁ።

ልጄ ሁለት ዓመት ከአራት ወሯ ነበር፤ ቅዳሜ ገበያ ይዣት ሄድኩ። በርበሬ እየተከራከርኩ ሳለ እግሯ የታሰረ ዶሮ አየች። ልታቅፋት ፈለገች፤ "አይሆንም" አልኳት። ነጠላዬን ለቃ አቧራው ላይ ተዘረረች። በርበሬ ሻጯ "ወይ ጉድ! ኧረ አንሺያት!" ትለኛለች፤ አንዷ ከረሜላ ታቀርባለች፤ ዶሮዋም ትጮሃለች። እኔ ሥራዬ ይኼ ነውና በሙያዬ ልኩራ ብዬ ተንበርክኬ ጀመርኩ፦ "እናቴ፣ ተናደድሽ አይደል? ዶሮዋን ፈልገሽ ነው፤ ግን ዶሮዋ የእኛ አይደለችም፣ ደግሞ ትነክስሻለች፣ ቤት ስንሄድ ደግሞ…" በተናገርኩ ቁጥር ጩኸቱ ጨመረ። በዚያ ሰዓት ልጅ ንግግር አይሰማም። ብዙ ቃል ተጨማሪ ጫጫታ ነው።

ዝም አልኩ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ "ዶሮዋን ፈለግሽ። ተናደድሽ" አልኩና ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ወዲያው አልቆመችም፤ እንደ ተረት ቢሆን ይቆም ነበር። ደክሟት አዘልኳት፣ ጀርባዬ ላይ ተኛች፤ በርበሬውንም ሳልገዛ ተመለስኩ።

ትምህርቱ የመጣው ማታ ነው። ስትተኛ "ዛሬ ገበያ ሄድን፣ ዶሮ አየን…" ብዬ ስጀምር ቀበል አድርጋ "ዶሮ… እምቢ… ተናደድሽ" አለች፤ ደረቷን እያሳየች። አዎ፣ "ተናደድሽ" ብላ ስለ ራሷ፤ ከላይ እንዳልኩት ነው። ከዚያ ወዲህ የምመክረው ይህንን ነው። ማዕበሉ ላይ ሁለት ሦስት ቃል ይበቃል፤ ታሪኩን ግን ማታ፣ ሆዷ ሞልቶ ብርድ ልብስ ውስጥ ስትገባ መልሳችሁ ተርኩላት። ቃል የሚገባው ያኔ ነው።

ስሜትን በስሙ መጥራት ራሱ ያረጋጋል ወይ ለሚሉ ወላጆች፦ በ2007 እ.ኤ.አ. ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያወጡት ጥናት አለ። የተቆጣ ወይም የፈራ ፊት ያዩ ሰዎች የስሜቱን ስም ሲሰጡ፣ አሚግዳላ የተባለው አደጋ ሲመጣ የሚነቃው የአንጎል ክፍል ረገብ ሲል ታይቷል። የተጠኑት አዋቂዎች ስለሆኑ የገበያውን ጩኸት ያቆማል ብዬ አልሸጥላችሁም።

አማቴ "አታሞላቅቂው፤ ወንድ ልጅ አያለቅስም" ትለኛለች። ምን ልመልስላት?

አማት ላይ ንግግር ማድረግ አያዋጣም። ስሜቱን መጥራትና የፈለገውን ማድረግ ሁለት ነገሮች መሆናቸውን በሥራ አሳዩዋት። "ከረሜላ ፈለግህ፤ ከፋህ። ከረሜላ ግን ከምሳ በኋላ ነው" ብላችሁ ከረሜላውን ሳትሰጡ ስትቀሩ፣ ያሞላቀቃችሁት ነገር እንደሌለ በዓይኗ ታያለች። እኔ ያየኋቸው አያቶች ብዙ ጊዜ የሚፈሩት እንዲህ ያለው ልጅ ነገ ሰው አይሰማም ብለው ነው።

"ወንድ ልጅ አያለቅስም" የሚለውን በተመለከተ ግን አልስማማም። የሁለት ዓመት ወንድ ልጅ እንዳያለቅስ ሲከለከል ሐዘኑ አይጠፋም። ለወንድ የሚፈቀደው ቁጣ ብቻ ስለሆነ ሐዘኑም፣ ፍርሃቱም፣ ናፍቆቱም በቁጣ በር ይወጣሉ።

ሌላው "ጅብ መጣ" ነው። እዚህ ጎንደር ሌሊት ጅቡ በእውነት ይጮሃል፤ ልጁ ማስፈራሪያውን በጆሮው ያረጋግጣል ማለት ነው። በጅብ ዝም የተባለ ልጅ ዝም ይላል፤ ምን ሆኖ እንደነበር ግን አልተናገረም፣ ላዩ ላይ ደግሞ ፍርሃት ተጨምሮለታል። ሲጮህ ከሰማ፣ "ጅብ ነው፣ ውጭ ነው፣ በሩ ተዘግቷል። ፈራህ፤ እዚህ ነኝ" ይበቃል።

ያኮርፋል። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል።

ኩርፊያ የእኛ አገር ትልቅ ቋንቋ ነው፤ ትልልቆቹም እንናገረዋለን። ልጁ "ተከፍቻለሁ፤ መጥታችሁ አባብሉኝ" እያለ ነው። ቡና ላይ ጎረቤት ተሰብስቦ "ኧረ ኩርፊያ! ከንፈሩን እዩልኝ!" ብሎ ሲስቅበት ግን ኩርፊያው ላይ ኀፍረት ይደረብበታል። በሳቁ መሃል ጠጋ ብላችሁ በጆሮው "ከፋህ? ሲበቃህ ና፣ ቦታህ እዚህ አለ" በሉትና ተመለሱ። ፈንዲሻው ያመጣዋል።

ሁልጊዜ "ሆዴን" ይላል። ሲመረመር ግን ምንም የለውም።

መጀመሪያ መመርመሩ ትክክል ነው፤ የዚህ ዕድሜ ልጅ ሆዱን የሚያመው እውነተኛ ምክንያት ብዙ ነው። ምንም ካልተገኘ ሰዓቱን አስተውሉ። ጠዋት ወደ ማቆያ ሲወጣ ብቻ ከሆነ፣ ወይም አባቱ መንገድ በሄደ ሰሞን ከሆነ፣ "ሆዴን" የሚለው "ናፈቀኝ" ወይም "ፈራሁ" ሊሆን ይችላል። "ውሸትህን ነው" አትበሉት፤ ጭንቀት ሆድ ላይ በእርግጥ ይሰማል። "አባባ ስለሄደ ናፈቀህ? ሲናፍቅ ሆድም ያስጨንቃል" በሉት።

ለጥምቀት ልወስደው ነው። ባለፈው ዓመት በጣም ፈርቶ ነበር።

ማለፊያ፣ ይሂድ፤ ግን ሳያውቅ አይሂድ። ከከተራ ቀን፣ ከጥር 10 በፊት ንገሩት፦ "ብዙ ሰው ይመጣል። ከበሮ ድም ድም ይላል። እልል ይባላል። ውኃ ይረጫል።" በአፋችሁ ከበሮ ምቱለት፤ ይምታ። የሚጠቀምበት አንድ ዓረፍተ ነገርም አስጨብጡት፦ "ፈራሁ፣ እቀፊኝ።" ካለ፣ በሕዝቡ መካከል ቢሆንም፣ ወዲያው እቀፉት።

በቀኑ ፋሲለደስ መዋኛ ጠርዝ ላይ አትጋፉ። ለሜትር ለማይሞላ ልጅ ያ ሁሉ ሕዝብ ማለት የሰው ጉልበት ደን ነው። እንኮኮ አድርጉት ወይም እዘሉት፤ ከፍ ሲል ፊት ያያል። "ምን ያስፈራል? በዓል እኮ ነው!" የሚለውን ቤት ትታችሁ ውጡ። ማታ ደግሞ ሁለቱንም ተርኩለት፣ አንድ በአንድ፦ መጀመሪያ ከበሮው ሲመታ ፈራህ፤ በኋላ ውኃው ሲረጭህ ደስ አለህ። ሁለቱ ስሜት በአንድ ጊዜ ሊመጣ እንደሚችል የሚገባው ገና ትንሽ ሲያድግ ነው።

ስሜት የሚያሳይ የሥዕል መጽሐፍ የለንም። በምን ላሳየው?

በፊታችሁ። መስታወት ፊት አብራችሁ ቁሙና "የተናደደ ፊት" እየተፈራረቃችሁ ሥሩ። ስልካችሁ ላይ ያለው የቤተሰብ ፎቶም ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጣል፤ የሚያውቀው ሰው ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስትሄዱ ደግሞ ጣሪያውን አሳዩት። ያ ሁሉ የመላእክት ፊት ቁልቁል ሲያየው አንዳንድ ልጅ ይደነግጣል፣ አንዳንዱ ይስቃል። "ያኛው ምን ሆኗል?" ብላችሁ ጠይቁት። የእኔዋ "ራበው" አለች።

የልጆች ቪዲዮ ከስልክ ቢያይ አይማርም?

ቃላቱን ሊደግም ይችላል። ስልኩ ግን እሱ ሲከፋው አያውቅበትም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ላሉት ስክሪን አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት ከአንድ ሰዓት አይለፍ፣ ቢያንስ ደግሞ ይሻላል ይላል። እኔን ከሰዓቱ በላይ የሚያሳስበኝ ሲያለቅስ ስልክ መስጠት ነው።

ሐኪም ዘንድ የምሄደው መቼ ነው?

"ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው" ብላችሁ አትጠብቁ። ዓመት ሞልቶት "ባባ፣ ማማ" እያለ ድምፅ ካላወጣ፣ በጣቱ ካልጠቆመ ወይም በእጁ "ቻው" ካላለ፤ 18 ወር ሞልቶት አንድም ቃል ከሌለው፤ ሁለት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል ካላጋጠመ፤ ስሙ ሲጠራ ካልዞረ፤ ወይም በማንኛውም ዕድሜ ያወጣውን ቃል ከተወ፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጆሮው እንዲታይ ጠይቁ፤ በተደጋጋሚ ጆሮው የሚመግል ልጅ በደንብ ላይሰማ ይችላል። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሕፃናት ክፍል ይጽፉላችኋል።

ቃል አስተማርኳት፤ አሁን "አልወድሽም!" ትለኛለች። ምን አጠፋሁ?

ምንም። ከአራት ወር በፊት ይህችው ልጅ ማንኪያ ትወረውር ነበር። "አልወድሽም" የሦስት ዓመት ልጅ እጇ ላይ ያለው ትልቁ ድንጋይ ነው፤ ወረወረችው፣ ግን በአፏ። "እኔም አልወድሽም" አትበሏት፤ ቀልድ አይመስላትም። "እንዲህ ስትይኝ አለቅሳለሁ" ብላችሁም አታስጨንቋት። ትክክለኛውን ቃል አቀብሏት፦ "ተናደድሽብኝ። ካርቱኑን ስላጠፋሁት ተናደድሽብኝ።" ምናልባት "አዎ!" ብላ ትጮሃለች። እሺ በሏትና ምሳዋን አቅርቡ። ካርቱኑ እንደጠፋ ይቆያል።